ሕመሙ ከብሽሽት ሲነሣ፦ ከዳሌ አርትራይተስ ጋር የመኖር ተሞክሮዬ

የዳሌ መገጣጠሚያው በአርትራይተስ፣ ማለትም በመገጣጠሚያ በሽታ፣ የተጎዳ ሰው የት እንደሚያመው ሲጠየቅ በብዛት እጁን የሚያሳርፈው በጎኑ ወይም በመቀመጫው ላይ ሳይሆን በብሽሽቱ ላይ ነው። ይህን ቀድሞ ማወቅ ብዙ እንግልት ያስቀራል፤ ሕመሙ ከብሽሽት ተነሥቶ በጭን ፊት በኩል ወደ ጉልበት ስለሚወርድ፣ አንዳንድ ጊዜም ጉልበት ላይ ብቻ ስለሚሰማ፣ ታማሚውም ሐኪሙም ሌላ ቦታ ሲፈልጉት ይቆያሉ። በእኔ የሆነው ይኸው ነበር። ከመምህርነት ጡረታ በወጣሁ ሰሞን ግራ ጉልበቴን ያመኝ ጀመር፤ የሄድኩበት ክሊኒክ ጉልበቴን በራጅ አይቶ ምንም የለም አለኝ፤ ቀጥሎ ወገቤ ታየ፤ ጎረቤቶቼም ‹‹ብርድ ነው››፣ ‹‹ሪህ ነው››፣ ‹‹ዲስክ ይሆናል›› እያሉ የየራሳቸውን ነገሩኝ። ነገሩ የለየለት አንድ ወጣት የአጥንት ሐኪም በጀርባዬ አስተኝቶኝ፣ ጉልበቴን አጥፎ ወደ ደረቴ ካመጣው በኋላ እግሬን ቀስ እያለ ባዞረበት ቀን ነው። ወደ አንዱ ወገን ሲያዞረው ብዙም አልተሰማኝም፤ ዳሌዬ ወደ ውስጥ እንዲዞር ሲሞክር ግን እግሬ አልሄድ አለ፣ ብሽሽቴንም ጨምድዶ ያዘኝ። ‹‹እናቴ፣ ጉልበትዎስ ደህና ነው፤ የታመመው ዳሌዎ ነው›› አለኝ። ዳሌና ጉልበት የሚጋሯቸው ነርቮች ስላሉ የአንዱ ሕመም በሌላው ላይ ሊሰማ እንደሚችል ያስረዳኝም እሱ ነው።

ስለዚህ ዛሬ ‹‹ዳሌዬን ያመኛል›› የሚል ሰው ሲያዋየኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ቦታውን ነው። ሕመሙ በጭን ውጫዊ ጎን ወጣ ብሎ በሚዳሰሰው አጥንት ላይ ከሆነ፣ ሲጫኑት የሚያምና በዚያ ጎን ሲተኙ የሚብስ ከሆነ፣ ብዙውን ጊዜ ችግሩ ያለው በመገጣጠሚያው ውስጥ ሳይሆን በዚያ አጥንት ላይ በሚያያዙት ጅማቶች ዘንድ ነው። ከመቀመጫ ተነሥቶ ከጉልበት በታች እስከ እግር ጣቶች የሚወርድና ከመደንዘዝ ጋር የሚመጣ ሲሆን ደግሞ የወገብ ነርቭ ሊሆን ይችላል። የመገጣጠሚያው መለያ የብሽሽት ሕመምና ቀስ በቀስ እየጠበበ የሚሄድ እንቅስቃሴ ነው፤ ካልሲ ማጥለቅ፣ የጫማ ክር ማሰር፣ እግርን በእግር ላይ ማነባበር፣ ሚኒባስ ታክሲ ላይ ለመውጣት እግርን ማንሣት እያደር ይከብዳል። እኔ የግራ እግሬን ጥፍር ጎንበስ ብዬ መቁረጥ የተሳነኝ ሕመሙ ገና ሳይጠነክር ነበር፤ ሐኪሙ ይህን ስነግረው ከራጁ ያላነሰ ማስረጃ አድርጎ መዘገበው። የጠዋቱ መተሳሰር የሚቆይበት ጊዜም ብዙ ይናገራል። መገጣጠሚያው በመበላቱ የሚመጣው መተሳሰር አብዛኛውን ጊዜ ከ30 ደቂቃ በታች ነው፤ ሰዓት ሙሉና ከዚያም በላይ የሚዘልቅ፣ የእጅ ጣቶችንም አብሮ የሚያሳብጥ ከሆነ ግን ሩማቶይድ አርትራይተስን የመሰለ በሽታ ሊሆን ስለሚችል ሌላ ምርመራና ሌላ መድኃኒት ይፈልጋል።

የጭን አጥንት ክብ ራስ በዳሌ አጥንት ጎድጓዳ ውስጥ እንደ ዘነዘና በሙቀጫ ገብቶ ይንቀሳቀሳል። የሁለቱም ፊት ካርትሌጅ በሚባል ለስላሳና አንሸራታች ነገር የተለበጠ ስለሆነ በጤና ጊዜ አጥንት ከአጥንት ጋር አይፋተግም። ኦስቲዮአርትራይተስ በሚባለውና ከሁሉ ይልቅ በሚያጋጥመው ዓይነት ይህ ሽፋን እየሳሳ ይሄዳል፤ ከሥሩ ያለው አጥንት ይጠነክራል፣ በጠርዙ ላይ ትርፍ አጥንት ያበቅላል፣ መገጣጠሚያውን ከውስጥ የሚሸፍነው ስስ ሥጋም ይቆጣል። ሐኪሙ ራጄን ብርሃን ላይ ሰቅሎ ሲያሳየኝ፣ በቀኙ ዳሌዬ በክቡ ራስና በጎድጓዳው መካከል ጥርት ያለ ጥቁር ክፍተት ነበረ፤ በግራው ግን ያ ክፍተት ከላይ በኩል እንደ ክር ቀጥኖ፣ ከጠርዙም ሾጠጥ ያለ አጥንት ወጥቶ ይታያል። ክፍተት የሚመስለው ባዶ ቦታ ሳይሆን ራጅ የማያሳየው ካርትሌጅ ያለበት ስፍራ ስለሆነ፣ የክፍተቱ መጥበብ የካርትሌጁን መሳሳት ይናገራል። ይሁንና ራጅና ሕመም ሁልጊዜ እኩል አይሄዱም፤ ራጁ ክፉ ሆኖ በደህና የሚራመድ አለ፣ ራጁ መጠነኛ ሆኖ ሌሊቱን የማይተኛም አለ። ራጁን አይቶ ‹‹አለቀልኝ›› ማለት አይገባም የምለው በዚህ ምክንያት ነው።

ዕድሜና የሰውነት ክብደት ከታወቁት ምክንያቶች መካከል ናቸው። በልጅነት የዳሌ ጎድጓዳው በደንብ ሳይፈጠር የቀረበት፣ ከዓመታት በፊት ወድቆ ወይም በመኪና አደጋ ዳሌው የተሰበረበት ሰው ደግሞ ገና በጎልማሳነቱ ሊታመም ይችላል። ለየት ብሎ ሊነገር የሚገባው ግን የጭን አጥንቱ ራስ የደም አቅርቦቱ ተቋርጦ የሚሞትበት ሁኔታ ነው። ለዚህ ከሚያጋልጡት መካከል የበዛ አልኮልና በከፍተኛ መጠን ወይም ለረጅም ጊዜ የሚወሰዱ እንደ ፕሬድኒሶሎንና ዴክሳሜታዞን ያሉ ስቴሮይዶች ይገኛሉ። እነዚህ መድኃኒቶች በሐኪም እጅ ሕይወት ያድናሉ፤ ለመወፈር፣ ለቆዳ ወይም ለማንኛውም ቁርጥማት እየተባለ ያለ ማዘዣ ሲወሰዱ ግን ዳሌን ሊያሳጡ ይችላሉ። የአጥንቱ መሞት መጀመሪያ ላይ በራጅ ላይታይ ስለሚችል፣ በዚህ ዕድሜ አርትራይተስ አይጠበቅም የሚባል የ30 ወይም የ40 ዓመት ሰው ብሽሽቱን በኃይል ሲያመው ኤምአርአይ መጠየቁ ተገቢ ነው። በእኛ አገር የዳሌ ሳንባ ነቀርሳም ሊረሳ አይገባም፤ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ የክብደት መቀነስ፣ ዕረፍት ላይም የማይተው ሕመም ካለ፣ ወይም ሰው ከወደቀ በኋላ በእግሩ መቆም ካቃተው፣ ቀጠሮ ሳይጠብቁ መታየት ያስፈልጋል።

የእኔ በሽታ የተለመደው ዓይነት መሆኑ ከታወቀ በኋላ ከሁሉ የበለጠ የጠቀመኝ ፊዚዮቴራፒ፣ ማለትም በአካል እንቅስቃሴ የሚሰጠው ሕክምና ነው። ቤተሰቦቼ ስለሚወዱኝ ‹‹አርፈሽ ተቀመጪ፣ አጥንትሽን አትጨርሺው›› ይሉኝ ነበር። ነገር ግን ካርትሌጅ የራሱ የደም ሥር የለውም፤ ምግቡን የሚያገኘው መገጣጠሚያው ሲንቀሳቀስ ከሚገባና ከሚወጣው ፈሳሽ ነው። ዳሌን ደግፈው የሚይዙት የመቀመጫና የጭን ጡንቻዎችም በዕረፍት ብዛት ይሟሽሻሉ፤ እነሱ ሲደክሙ ሰውየው በእያንዳንዱ እርምጃ ወደ ታመመው ጎን ዘንበል እያለ ይሄዳል፣ ወገቡንም ያመዋል። ካርትሌጁን መልሼ ማብቀል አልችልም፤ በዙሪያው ያለው ጡንቻ ግን በእጄ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ናይስ የተባለው የእንግሊዝ ተቋም የሕክምና መመሪያም የአካል እንቅስቃሴን የኦስቲዮአርትራይተስ ዋና ሕክምና አድርጎ ያስቀምጣል።

የምሠራቸውን እንደምሠራቸው ልናገር። በጀርባዬ ተኝቼ ሁለቱንም ጉልበቶቼን አጥፌ መቀመጫዬን ከፍራሹ ቀስ ብዬ አነሣለሁ፣ ጥቂት ትንፋሽ ያህል ይዤ አወርደዋለሁ። በደህናው ጎኔ ተኝቼ የታመመውን እግር ቀጥ አድርጌ ወደ ላይ አነሣለሁ፤ እዚህ ላይ ፊዚዮቴራፒስቷ እጇን መቀመጫዬ ላይ አድርጋ ‹‹ወደ ኋላ አይዙሩብኝ፣ ተረከዝዎ ይቅደም›› እያለች ታርመኝ ነበር፤ ሰውነት ወደ ኋላ ሲዞር ሥራውን የጭኑ የፊት ጡንቻ ወስዶት ሊጠነክር የተፈለገው የጎኑ ጡንቻ ስለሚያርፍ ነው። ከዚያ ከፍ ካለ ወንበር ላይ እጄን ሳልደገፍ መነሣትና መቀመጥ አለ፤ ወንበሩ መጀመሪያ በትራስ ከፍ ይላል፣ ጉልበት ሲገኝ ትራሱ ይነሣል። የወጥ ቤቱን ጠረጴዛ ይዤ እግሬን ወደ ኋላ መዘርጋትንም ጀበና ተጥዶ እስኪፈላ ድረስ እሠራዋለሁ። ልኩን የምለካው በሕመሙ ነው፤ ሲሠሩ መጠነኛ ሕመም ቢሰማ ጉዳት አይደለም፣ ሕመሙ እስከ ማግስቱ ድረስ ከበረታ ግን በሚቀጥለው ጊዜ ቁጥሩን መቀነስ እንጂ ማቆም አያስፈልግም። ለውጡ በሳምንት አይመጣም። ጡንቻ እስኪጠነክር ሁለት ሦስት ወር ይፈጃል፣ ብዙ ሰው የሚተወውም ከዚያ በፊት ስለሆነ ይህን ቀድሞ መነገሩ ይበጃል። መራመድ፣ በቋሚ ብስክሌት መንዳት፣ ዋና ለሚያገኝም ውኃ ውስጥ መንቀሳቀስ ሁሉም መልካም ናቸው፤ ዘለላና ሩጫ ግን ለተበላ ዳሌ አይመከሩም።

ከዘራ የሚያዘው ከታመመው ዳሌ በተቃራኒ ባለው እጅ ነው። ግራው ለታመመ ከዘራው በቀኝ፤ ከዘራውና የታመመው እግርም አብረው ወደ ፊት ይሄዳሉ። ይህን የምደጋግመው መንገድ ላይ የማያቸው አብዛኞቹ ሰዎች በታመመው በኩል ስለሚይዙት ነው። ስንራመድ በዳሌ መገጣጠሚያ ላይ የሚያርፈው ጫና ከሰውነታችን ክብደት ከ2 እጥፍ በላይ ነው፤ ይህም የሚሆነው በአንድ እግር በቆምን ቅጽበት ሰውነታችን እንዳይዘነበል የጎኑ ጡንቻ በኃይል ስለሚጎትት ነው። በተቃራኒው እጅ የተያዘ ከዘራ ይህን የጡንቻ ጉተታ ስለሚያግዝ ዳሌውን ያሳርፈዋል። ቁመቱ የሚለካው ጫማ አድርገው እጅን ወደ ታች ለቀው ሲቆሙ ነው፤ የከዘራው እጀታ የእጅ አንጓ መታጠፊያ ጋ መድረስ አለበት። ጫፉ ላይ ጎማ ይኑረው፣ ጎማው ሲያልቅም ይቀየር፤ በክረምት የረጠበ ሴራሚክ ላይ ያላለቀ ጎማ ከመውደቅ ያድናል። ደረጃ ሲወጡ ደህናው እግር ይቀድማል፣ ሲወርዱ የታመመው።

ክብደትን መቀነስም የዚሁ ስሌት አካል ነው፤ 5 ኪሎ የቀነሰ ሰው በእያንዳንዱ እርምጃ ከዳሌው ላይ ከ10 ኪሎ በላይ ጫና አነሣ ማለት ነው። እኔ ያደረግሁት በሻይና በቡና ውስጥ ስኳር መተውና ማታ እንጀራውን መቀነስ ነው።

የቤታችን አኗኗር ለዳሌ ከባድ ነው፤ ብዙ ሥራችን ከመሬት አጠገብ ነው። ቡና የማፈላው በርጩማ ላይ ቁጢጥ ብዬ ነበር፤ አሁን ረከቦቱን ከፍ ባለ ጠረጴዛ ላይ አድርጌ ከጉልበቴ ከፍ የሚል ወንበር ላይ ተቀምጬ አፈላለሁ፣ ቡናውም እንግዳውም አልጎደለም። መርሑ አጭር ነው፤ ሲቀመጡ ዳሌ ከጉልበት ዝቅ አይበል። ቁጢጥ ብለው የሚጠቀሙበት መጸዳጃ ቤት ላለው፣ መካከሉ የተበሳ ጠንካራ ወንበር አናጢ ማሠራት ብዙ ወጪ አይጠይቅም፣ ግድግዳው ላይም መያዣ ብረት ማስገጠም ይቻላል። መኪና ውስጥ ሲገቡ መጀመሪያ በመቀመጫ ተቀምጦ ሁለቱን እግሮች አንድ ላይ አዙሮ ማስገባት ነው። በጎን የሚተኛ ሰው በጉልበቶቹ መካከል ትራስ ቢያደርግ የላይኛው እግር ወደ ውስጥ ስለማይወድቅ ሌሊቱ ይቀልለታል።

ለእኔ ከሁሉ የከበደኝ ስግደት ነበር። ሰውነቴ ሳይችል ቀርቶ ስግደትን መተው ኀዘን ሆኖብኝ ለንስሐ አባቴ ስነግራቸው፣ ሕመምተኛ እንደ አቅሙ መሆኑን፣ ቆሜ አንገቴን ዝቅ በማድረግ እንድፈጽም ነገሩኝ፤ በቅዳሴም መቋሚያዬን እደገፋለሁ፣ ሲደክመኝ እቀመጣለሁ። ሙስሊም ጎረቤቴም ጉልበቷን ሲያማት ሶላቷን ወንበር ላይ ተቀምጣ ትሰግዳለች። በዚህ ጉዳይ የሚጨነቅ ሰው ብዙ እንደሆነ ስለማውቅ፣ ዝም ብሎ ከመሠቃየት የሃይማኖት አባቱን እንዲጠይቅ ከልቤ እመክራለሁ።

ስለ መድኃኒት ሰፋ አድርጌ ልጽፍ ግድ ነው፤ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነውና። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ሕመሙን በእርግጥ ያስታግሣሉ፣ ሕመሙ በተነሣ ሰሞን ለጥቂት ቀን መውሰዱም ያግዛል። ነገር ግን ጨጓራን ሊያቆስሉ፣ ኩላሊትን ሊጎዱ፣ የደም ግፊትን ከፍ ሊያደርጉ ይችላሉ፣ ዕድሜ ሲገፋም አደጋው ይጨምራል። የእኛ ልዩ ችግር ጾም ነው። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ጠዋት በባዶ ሆዱ ዳይክሎፌናክ ሲወስድ ጨጓራውን ለጉዳት ያጋልጣል፤ የእኔ ሐኪም በጾም ወቅት ኪኒኑን ከምግብ በኋላ ብቻ እንድወስድና የጨጓራ መከላከያ ኦሜፕራዞል እንዲታከልበት አድርጓል። ጥቁር ሰገራ ያየ ሰው ኪኒኑን አቁሞ ዕለቱን ሐኪም ዘንድ ይሂድ። ሁለተኛው ማስጠንቀቂያ የደም ግፊት መድኃኒት ለሚወስዱ ነው፤ ኢናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድን አብሮ የሚወስድ ሰው በላዩ ዳይክሎፌናክ ሲጨምር ሦስቱ ተደማምረው ኩላሊትን በድንገት ሊያደክሙ ስለሚችሉ፣ ፋርማሲ ሲገባ የሚወስደውን ሁሉ ቢናገር ይበጀዋል። በመርፌ የሚሰጠው ዳይክሎፌናክም ያው መድኃኒት ነው፤ ‹‹መርፌው ይሻላል›› ተብሎ በየሳምንቱ መወጋት ጨጓራንም ኩላሊትንም አያድንም።

ፓራሲታሞል ለጨጓራ የተሻለ ቢሆንም ለዳሌ አርትራይተስ የሚሰጠው ፋታ ትንሽ ነው፤ ለጤናማ አዋቂ ባለ 500 ሚሊግራሙ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 ፍሬ ማለፍ የለበትም፣ ጉበቱ ለታመመና ሰውነቱ ለከሳ ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው። የሚቀባው ጄል ለጉልበትና ለእጅ ይጠቅማል፣ ዳሌ ግን ጥልቅ ስለሆነ እምብዛም አይደርስለትም። ዘመዶች ለመገጣጠሚያ ብለው ከውጭ የሚልኩልን ግሉኮሳሚን የተባለው ማሟያ እንደሚጠቅም በቂ ማስረጃ ስላልተገኘ ያው የናይስ መመሪያ አይመክረውም። ትራማዶል የተባለው ጠንካራ ማስታገሻ ሱስ ያስይዛል፣ አዛውንትንም አዙሮ ይጥላል። ወጌሻን በተመለከተ፣ ለብ ባለ ቅባት ጡንቻ ማሸት እፎይታ ይሰጣል፤ የተበላ ዳሌን ‹‹ቦታው ልመልሰው›› ብሎ መጎተትና መጠምዘዝ ግን ቦታውን ያልለቀቀን አጥንት ማሠቃየት ነውና አይፈቀድላቸው። በመገጣጠሚያው ውስጥ የሚሰጥ የስቴሮይድ መርፌ ለሳምንታት ወይም ለጥቂት ወራት ፋታ ሊሰጥ ይችላል፤ በአልትራሳውንድ ወይም በራጅ እየታየ መሰጠት አለበት፣ ቀዶ ሕክምና የታሰበለት ሰውም መርፌውን ከተወጋ በኋላ 3 ወር ያህል መቆየት ይኖርበታል፤ ይህ ካልሆነ የመመርቀዝ አደጋው ይጨምራል።

የዳሌ መገጣጠሚያ ቅየራን ዛሬ ባለው መልኩ ያስጀመረው እንግሊዛዊው የቀዶ ሐኪም ጆን ቻርንሊ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ ከቀዶ ሕክምናዎች ሁሉ የሰውን ኑሮ በእጅጉ ከሚለውጡት መካከል ይቆጠራል። የተበላው ክብ ራስ ተቆርጦ በብረት ወይም በሴራሚክ ይተካል፣ ጎድጓዳውም አዲስ ሽፋን ይገባለታል። እ.ኤ.አ. በ2019 በታተመ ትልቅ ጥናት መሠረት ከተተኩት ዳሌዎች ከ100 ወደ 58 የሚሆኑት 25 ዓመት ይቆያሉ። ወጣት ለሆነ ሰው በሕይወቱ ሌላ ቅየራ ሊያስፈልገው ይችላል የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው፤ ለእኔ ዕድሜ ግን ቁጥሩ የሚያጽናና ነው። አገር ውስጥም አዲስ አበባ ይሠራል፤ ወጪው ከባድ ስለሆነ ግን ተካይ ዕቃው ለብቻው ስንት እንደሚያወጣና ታማሚው ራሱ መግዛት እንዳለበት አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል።

የቅየራው ቀን መድረሱ የሚታወቀው ራጁ ሲከፋ ብቻ አይደለም። ከልብ ከተሠራ ፊዚዮቴራፒ በኋላም ሕመሙ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ከሆነ፣ ሰውየው ገበያና ቤተ ክርስቲያን መሄድ ካቆመ፣ ያን ጊዜ ነው። ያለ ልክ ማዘግየትም አይጠቅምም፤ ጡንቻው ከሟሸሸና መገጣጠሚያው ከተገተረ በኋላ የሚደረግ ቅየራ ማገገሙን ያረዝመዋል። ከእኔ ሐኪም ጋር የተስማማነው ግራ እግሬ ሌሊት እስካስተኛኝና በከዘራ እስከተራመድኩ ድረስ በእንቅስቃሴው እንድቀጥል፣ በየጊዜውም እየታየሁ እንድቆይ ነው። ሐኪሜን ከጠየቅኳቸው መካከል ለሌላውም የሚጠቅመው፣ ቀዶው ከፊት ወይስ ከኋላ በኩል ይከፈታል የሚለው ነው፤ ከኋላ ሲከፈት አዲሱ ዳሌ እንዳይወልቅ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ዝቅ ብሎ መቀመጥ፣ እግር ማነባበርና ከወገብ በጣም ጎንበስ ማለት ብዙ ጊዜ ይከለከላልና፣ በርጩማና የቁጢጥ መጸዳጃ ባለበት ቤት ዝግጅቱ ከቀዶው በፊት መጠናቀቅ አለበት። የስኳር በሽታ ያለበት ስኳሩን ማስተካከል፣ የሚያጨስ ማቆም፣ በሰውነት ላይ ያለ ማንኛውም ቁስልና የተበላሸ ጥርስም አስቀድሞ መታከም ይኖርበታል፤ ከዚያ የሚነሣ ጀርም በደም ተጉዞ አዲሱ ዳሌ ላይ ሊያርፍ ስለሚችል፣ እኔ የሚያስቸግረኝን የመንጋጋ ጥርስ ከአሁኑ እየታከምኩት ነው።